የአርባ ሰከንዱ መስመር

ጎረቤቴ ናት። የምንኖርበት ፎቅ ላይ አምስት በር አለ፤ ደረጃውን ማን ይጥረግ በሚል ለዓመታት ተነታርከናል። አንድ ቀን ጭቅጭቃችንን ሰምታ ወጣችና "እስቲ እንየው" አለች። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ የአምስታችንን የበር ቁጥር ጻፈች፣ ማሽኑ ዕጣ እንዲያወጣ አዘዘችው። ዕጣው እኔ ላይ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንትም እኔ ላይ። በሦስተኛው ሳምንት መጥረጊያዬን ይዤ በሯን አንኳኳሁ።

"ይሄ ዕቃሽ በሬን ሸምድዶታል።"

"ዕጣ አያዳላም ጋሼ። ካላመኑ ሺህ ጊዜ እናስወጣው።" እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ሺህ ጊዜ አስወጣችው። ለእያንዳንዳችን ሁለት መቶ ገደማ ደረሰን። "አዩ? ይታገሱ፣ ይስተካከላል።"

"ሺህ ሳምንት ስንት ዓመት ነው?"

አሰላችው። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከምናምን።"

ወዳጅነታችን የጀመረው ያኔ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታ ትረሳውና ሌላ እርሳስ ትፈልጋለች። የምትሠራው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ከውሃ ታንከር በቀር ምንም በማያሳይ የኮምፒውተር ክፍል ነው። ስምንት ዓመት ሠርታለች። ልጅዎ ምንድን ነው የምትሠራው ሲባሉ እናቷ ሁልጊዜ አንድ መልስ አላቸው፦ "ለማሽን ደብዳቤ ትጽፋለች። አንዳንዴ ይመልስላታል፣ አንዳንዴ ይሰድባታል።" የምትጽፍበት ቋንቋ ፓይተን እንደሚባል፣ ትርጉሙም ዘንዶ እንደሆነ የሰሙ ዕለት ደግሞ፣ "ከስንት ጨዋ ቋንቋ መሃል?" ብለው ሳህን ማጠባቸውን አቁመው አፈጠጡባት።

እሷ ግን ስለዚህ ቋንቋ ስታወራ ፊቷ ይበራል። እኔም ወሬ የምወድ ሰው ነኝና አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ አፍልቼ፣ ከስንቱ ቋንቋ ይሄን ለምን እንደመረጠችው ጠየቅኳት።

"ሌሎቹ መሥሪያ ቤት ናቸው ጋሼ። ሰላም ለማለት እንኳ ማመልከቻ ያስጽፉዎታል። ይሄ በር ላይ ቆሞ ያወራል። አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ ወዲያው ይመልሳል። ከተሳሳቱ የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳቱ ይነግርዎታል። እርስዎ የተወለዱት ምን ቀን ነው?"

ቀንና ዓመቱን ነገርኳት። ሁለት መስመር ጻፈች። "ማክሰኞ" አለች። እናቴ ሁልጊዜ ሐሙስ ነው ትለኝ ነበር፤ ማንን እንደማምን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሥራ ቦታዋ ቅጽል ስሟ "ሁለት መስመር" ነው። ማንም ምንም ቢጠይቃት መልሷ "ሁለት መስመር ነው" ስለሆነ። ፋርማሲው የመድኃኒት ዝርዝር በፊደል ተራ ይደርደርልን ቢል፣ ሁለት መስመር። ቀጠሮ የረሱ ታካሚዎች መልእክት ይድረሳቸው ቢባል፣ ሁለት መስመር። እርግጥ ሁለት መስመር የተባለው ሁሉ ሁለት መስመር አይሆንም፤ አንዱ ሁለት መስመር ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ "ቅንፍ" ይባላል፤ የሚወደው ቋንቋ ከላይ እስከ ታች በቅንፍ የተሞላ ስለሆነ። ሁለቱ ሲነካከሱ ይውላሉ።

"ያንቺ ቋንቋ የሕፃን ነው" ይላታል።

"ያንተ ደግሞ የጠበቃ" ትለዋለች።

ከጻፈችው ሁሉ የምትወደው ግን በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት የጻፈችውን "የጠዋቱ ስክሪፕት" ነው። ስክሪፕት ማለት፣ እሷ እንዳስረዳችኝ፣ ማሽኑ ሳይቀሰቅሱት ተነሥቶ የሚፈጽመው አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ይሄኛው በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣና፣ ሐኪሞች ደም ይመርመርላቸው ያሏቸውን የተኙ ታካሚዎች ዝርዝር ሰብስቦ፣ ምድር ቤት ባለው የናሙና ክፍል ፕሪንተር ላይ ስቲከር ያትማል። ስቲከሩ ላይ የታካሚው ስም፣ የካርድ ቁጥርና የተኛበት ዋርድ ቁጥር አለ። ስቲከሩ ባዶው ብልቃጥ ላይ ይለጠፋል፣ ደም ቀጂዎች ብልቃጦቹን ይዘው ወደየዋርዱ ይሄዳሉ፣ ቀድተው ይመልሳሉ፣ ላብራቶሪው ይመረምራል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳያመልጠው ተነሥቷል። "ከእኔ በፊት ነው ሥራ የሚገባው" ትላለች፣ ስለ ልጇ እንደምታወራ እናት።

አንድ ረቡዕ ኃላፊያቸው ጠራት። ከመጣ አራት ወር የሆነው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ካታሎግ ተዘርግቷል።

"ሐኪሞቹ ሦስት ሰዓት ላይ ታካሚ ሊጎበኙ ሲወጡ የደሙ ውጤት እጃቸው ላይ የለም። ሦስት ከሃያ ነው የሚደርሳቸው። በየቀኑ! ቅሬታው እኔ ላይ ነው የሚወርደው። ስክሪፕትሽ አርጅቷል።"

"ስምንት ዓመቱ ነው እኮ።"

"በኮምፒውተር ዕድሜ ሽማግሌ ነው። እስከ ሰኞ ሃያ ደቂቃ ካላተረፍሽልኝ ይሄን እንገዛለን።" ካታሎጉን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "አንቺም ወደ ይለፍ ቃል መስኮት ትሄጃለሽ፤ እዚያ ሰው ያስፈልገኛል።"

የይለፍ ቃል መስኮት ማለት ቀኑን ሙሉ "ቃሌ ጠፋብኝ" ለሚል ሰው አዲስ ቃል መስጠት ነው። ሰው ይፈለግበታል፣ አልክድም። እሷ ግን እዚያ ብትቀመጥ በሁለተኛው ወር ራሷን ትረሳለች።

"ሁለት መስመር ነው" አለች።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስክሪፕቱን ከፈተች። ስምንት ዓመት ሙሉ ስለሠራ ስምንት ዓመት አንብባው አታውቅም። የሚሠራ ነገር ማን ያነባል? ከላይ ወደ ታች ስትወርድ መሃል ላይ አንድ መስመር አገኘች። በየስድስቱ ስቲከር፣ አርባ ሰከንድ ጠብቅ ይላል። ለምን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ቃል የለም።

አሰላችው። በቀን መቶ ሰማንያ ገደማ ስቲከር አለ፤ ሠላሳ ጊዜ ስድስት። ሠላሳ ጊዜ አርባ ሰከንድ፣ ልክ ሃያ ደቂቃ።

"ሃያ!" ብላ ስትጮኽ ቅንፍ ከወንበሩ ዘለለ።

"ምን ነካሽ?"

"የትኛው ጅል ነው ይሄን የጻፈው? ስቲከር ለማተም አርባ ሰከንድ!"

እነሱ ዘንድ የኮድ መዝገብ አለ፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደጻፈ ይይዛል። ጠየቀችው። የራሷን ስም መለሰላት። ቀኑም በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት ነው። እንደዚህ ያለ ለውጥ ሲገባ ምክንያቱ በአጭሩ ይጻፋል። እሷ የጻፈችው ምክንያት አንዲት ቃል ነበረች፦ "ይሠራል።"

ቅንፍ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከክፍሉ ወጣ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ማታ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ ይሄንኑ ነበር የምታወራው። "ጋሼ፣ ያኔ የማውቀው፣ ዛሬ የማላውቀው ምንድን ነው? የዚያን ጊዜዋን ልጅ አግኝቼ ብጠይቃት ምን ትለኝ ነበር?" ጥያቄው ለእኔ ከዕጣውም ከልደቴም ቀን በለጠብኝ። እኔም ስንቱን ነገር አድርጌ ምክንያቱ ጠፍቶብኛል።

በማግሥቱ ሐሙስ መልሱን ቅንፍ አመጣው። "ፕሪንተሩ ነዋ! ያኔ የነበረው አሮጌ እኮ ነው። ይግል ነበር፣ ማረፍ ነበረበት። ከተቀየረ ሦስት ዓመት ሆነው።"

ልክ እንደ ቁልፍና ቀዳዳ ገጠመላት። አሮጌ ማሽን፣ ሙቀት፣ እረፍት። መስመሩን ሰረዘችው። ሦስተኛ ፎቅ ባለው ፕሪንተር ሞከረችው፤ መቶ ሰማንያው ስቲከር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ኃላፊው መጥቶ አየና ትከሻዋን መታ አደረገ። የዚያን ዕለት ማታ ኬክ ገዝታ ገባች፤ ለእኔም ተረፈኝ። እናቷ ብቻ ኬኩን እየቆረሱ፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ። እናት ናቸው፣ ሁልጊዜ የሚሉት አያጡም ብለን አለፍነው።

ዓርብ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቁርሷን ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። አንድ የሴት ድምፅ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም፣

"ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?"

የናሙና ክፍሏ ኃላፊ ናቸው። ሆስፒታሉ ሁሉ "እማማ ብልቃጥ" ይላቸዋል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው።

"እማማ? ምን ሆኑ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ማሽንሽ ነው ያበደው! ይተፋዋል፣ ይተፋዋል። አቁም ብለው አይሰማኝም። ኑና ሰብስቡት!"

ጫማዋን በትክክል ሳታስር ሮጠች። ስትደርስ የናሙና ክፍሉ ወለል በስቲከር ተሞልቷል፤ አንዱ ከሌላው ተጣብቆ፣ ተጠቅልሎ፣ የወንበር እግር ላይ ተለጥፎ። አምስቱ ደም ቀጂዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እማማ ብልቃጥ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ብልቃጦቹን እንደ ጫጩት ከልለዋል።

"አንድም ብልቃጥ ከዚህ ክፍል አይወጣም" አሉ። "ሁሉም ተልጦ እንደገና ይለጠፋል።"

"ሁሉም?"

አንድ ትንሽ ከረጢት ከፍተው አሳዩዋት። በአንድ ታካሚ ከረጢት ውስጥ የሌላ ታካሚ ስም የተለጠፈበት ብልቃጥ ተቀላቅሎ ገብቷል። "ይሄን አንዱን ያዝኩት። ያልያዝኩት ስንት እንዳለ በምን አውቃለሁ? የአንዱ ደም በሌላው ስም ቢሄድስ?"

እዚያው ቆማ መስመሩን ከመዝገቡ ወደ ነበረበት መለሰች፤ ይሄ ሁለት መስመር አልፈጀም፣ አንድ ትእዛዝ ነው። ስቲከሩ እንደገና ታተመ፣ በየስድስቱ አርባ ሰከንድ እየጠበቀ። ማንም ታካሚ አልተጎዳም። ውጤቱ ግን የደረሰው አራት ሰዓት ላይ ነው። ኃላፊው ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አገኛትና አልጮኸባትም። "ሰኞ እንነጋገር" አለ ብቻ። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ወረደች። እማማ ብልቃጥ ጓንት እያወለቁ ነበር።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄን አርባ ሰከንድ ያውቁታል?"

"እንዴት አላውቀው! አንቺ አይደለሽ የሰጠሽኝ?"

"እኔ?"

"ረሳሽው? አዲስ የገባሽ ጊዜ። ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያለውን በርጩማ አውጥተሽ እዚህ ጋ ቁጭ አልሽ። ሙሉ ጠዋት። ሰዓትሽን አውልቀሽ በእጅሽ ይዘሽ ቆጠርሽኝ፤ እኔ እንደውም ማን ላከብኝ ብዬ ፈራሁ።" ባለ ስድስት ቀዳዳውን የብልቃጥ ማስቀመጫ ወደ እሷ ገፉት። "ስድስት እለጥፋለሁ። ከዚያ ስሙን፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የክዳኑን ቀለም ጮክ ብዬ አነባለሁ። ስድስቱን አንብቤ ወደ ከረጢቱ እስካስገባ አርባ ሰከንድ ሆነ። 'እማማ፣ እስኪያነቡ ድረስ ፀጥ አስብልልዎታለሁ' አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ እኔና ማሽኑ ተግባባን።"

ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ጋሼ፣ ስለ ፕሪንተሩ አሰብኩ፣ ስለ ሙቀቱ አሰብኩ፣ ስለ ሰርቨሩ አሰብኩ። ሰው ሊሆን እንደሚችል አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣልኝም። የሞከርኩትስ የት ነው? ማንም በማይቆምበት ፕሪንተር ላይ!"

"ታዲያ ሃያ ደቂቃው?"

"እሱን ነው የማላውቀው። እስቲ እንየው።"

ቅዳሜ ማለዳ እናቷ በሩ ላይ ያዟት። "በእረፍትሽ ቀን ወዴት ነው?"

"ምድር ቤት፣ እማዬ። ቁጭ ልል።"

"ለመቀመጥ እዚያ ድረስ? እዚህ ወንበር አጣሽ?"

በርጩማውን ከማቀዝቀዣው ጀርባ አወጣችው። አንድ እግሩ ይወዛወዛል፤ ስምንት ዓመት ማንም አላስጠገነውም። ተቀመጠች። ስቲከሩ በስድስት በስድስት እየወጣ፣ እማማ ብልቃጥ እየለጠፉ፣ ጮክ ብለው እያነበቡ ቀጠሉ። መጀመሪያ እሳቸውን ተመለከተች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ። አምስቱ ደም ቀጂዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዷ ታዛጋለች።

"እናንተ ምን እየጠበቃችሁ ነው?" አለቻቸው።

ያዛጋችው ደም ቀጂ በግርምት አየቻት። "እስኪያልቅ ነዋ።"

"ያለቀውን ይዘሽ ለምን አትሄጂም?"

"የት ነው የምሄደው? እኔ ስድስተኛ ዋርድ ነኝ፣ ግቢውን ተሻግሮ። አሁን ከወጡት ስድስቱ አንዱ የእኔ ነው፣ ሁለቱ የእሱ ነው፣ ሌላው የሦስተኛ ዋርድ ነው። የእኔ የመጨረሻው ታካሚ መቼ እንደሚወጣ በምን አውቃለሁ? በስም ተራ እኮ ነው የሚወጡት።"

ያኔ በርጩማው ከሥሯ ተወዛወዘ።

በስም ተራ! ዝርዝሩን በፊደል ተራ የደረደረችው እሷው ናት። ያን መስመር አውቀዋለሁ ትላለች፤ ማብራሪያ የማያስፈልገው፣ ንጹሕ፣ ደስ የሚል መስመር። ፊደል ተራ ንጹሕ ስለሚመስል አደረገችው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ያልገባትን መስመር ጅል ብላ ሰረዘችው፤ የገባትን መስመር ሳትነካው አለፈችው። አምስት ሰዎች በየማለዳው ሃያ ደቂቃ የሚያዛጉት ግን በአርባው ሰከንድ ምክንያት አልነበረም፤ በፊደል ተራው ነበር።

ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች። አደራደሩን ቀየረችው፤ መጀመሪያ በዋርድ፣ ከሩቁ ከስድስተኛው ጀምሮ፣ ከዚያ በስም። አንድ መስመር።

"እማማ፣ ከነገ ጀምሮ የስድስተኛ ዋርድ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ ይወጣሉ። እሷ ወዲያው ትሄዳለች። ከዚያ አምስተኛው።"

እማማ ብልቃጥ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉት። "ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነው እኮ የሚባለው። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ የማሽኑ ጠባይ መስሎኝ ነበር።"

"እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺስ መቼ ወረድሽ?"

ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ትንሽ ቆይታ። ከዚያ፣ "አርባው ሰከንድ ይበቃዎታል?" ብላ ጠየቀች።

እማማ ብልቃጥ እንደማፈር አሉ። "እውነቱን ልንገርሽ? ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ዘንድሮ ስድስተኛውን ሳነብ ቀጣዩ ይቀድመኛል። አርባ አምስት ብታደርጊልኝ…"

እሑድ በአዲሱ ተራ ሞከሩት፣ ችግር አልነበረም። ቢሆንም እሑድ ታካሚ የሚጎበኝ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ቁም ነገሩ ሰኞ ነበር። የሰኞ ማለዳ ደረጃውን የምጠርገው እኔው ነበርኩ፣ ዕጣው አሁንም አልተስተካከለም። ስትወጣ አየኋት። እርሳስ ሁለት ሰክታለች። "በሉ ጸልዩልኝ ጋሼ" ብላ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወረደች።

የስድስተኛ ዋርድ ደም ቀጂ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ከክፍሉ ወጣች። የመጨረሻው ስቲከር ገና ሳይታተም የእሷ ብልቃጦች ላብራቶሪ ገብተው ነበር። ውጤቱ በሙሉ ሐኪሞቹ እጅ የገባው ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ኃላፊው ራሱ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ስልኩን ይዞ፣ ከሐኪሞቹ የመጣውን መልእክት እያሳያት። "ከሃያም በላይ አተረፍሽ! ያን መጠበቂያ በደህና አወጣሽው ማለት ነው?"

"አይ" አለች። "ጨመርኩበት።"

"ምን?"

"አርባ ነበር። አርባ አምስት አደረግሁት።"

ኃላፊው ቅንፍን አየው። ቅንፍ ጣሪያውን አየ። እሷም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ በርጩማውን፣ ማዛጋቱን፣ ፊደል ተራውን። ስትጨርስ ኃላፊው፣ "የናሙና ክፍሉ የት ነው?" አላት። አራት ወር ሠርቶ አንድ ቀን አልወረደም ነበር። ይዛው ወረደች። ሲመለስ ካታሎጉን ከጠረጴዛው አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጣለው አልልም፤ የይለፍ ቃሉን መስኮት ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አላነሣባትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሌላ ነገር አደረገች። ኮድ ውስጥ ማስታወሻ መጻፍ አትወድም ነበር፤ "ጥሩ ኮድ ራሱ ይናገራል" ትል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ከአርባ አምስቱ ሰከንድ መስመር በላይ ለረጅም ጊዜ ስትጽፍ ስትደልዝ ቆየች። ቅንፍ ከጀርባዋ አንብቦ፣ "ሁለት መስመር የነበርሽው ልጅ ዛሬ አራት መስመር ሆንሽ?" አላት። ቀና ሳትል መጻፏን ቀጠለች። የጻፈችውን በኋላ በስልኳ አሳይታኛለች፤ እንዲህ ይላል፦

"ይሄ መስመር የሚጠብቀው ማሽን አይደለም፣ የሚያነብ ሰው ነው።
ከመሰረዝህ በፊት ምድር ቤት ውረድና እማማ ብልቃጥን ጠይቅ።
እሳቸው ጡረታ ወጥተው ከሆነ በቦታቸው ያለውን ሰው ጠይቅ፤ ቁጥሩንም እንደ ሰውየው ቀይረው።
በርጩማው ከማቀዝቀዣው ጀርባ ነው። አንድ እግሩ ይወዛወዛልና ተጠንቀቅ።"